ቦታ ሻጩ ቁምላቸው

ቁምላቸው በርጩማውን እንደ ቆብ አናቱ ላይ ደፍቶ፣ ደብዳቤውን በጥርሱ ነክሶ፣ ገና ጎህ ሲቀድ በገበያው መሀል ሲበር ያየው ሰው ሁሉ ያለው አንድ ነገር ነው። «ኧረ ቁምላቸው! ዛሬ ደሞ ለማን ልትቆም ነው?»

አፉ ደብዳቤ ስለያዘ አልመለሰም። ቢመልስም የሚያምነው አልነበረም። ለራሱ ነበራ የሚሮጠው! አስራ ሰባት ዓመት ሙሉ ለራሱ ተሰልፎ የማያውቅ ሰው።

ስራው እኮ ለሰው መሰለፍ ነው። እኛ ከተማ ሰልፍ የሌለው ነገር ቢኖር ዝናብ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን በየሰፈሩ ተራ ጠብቆ ነው የሚዘንበው። የዘይት ሰልፍ አለ፣ የማህተም ሰልፍ አለ፣ ሰልፉ የት እንደሆነ የሚጠየቅበት ሰልፍም አለ። ሰው ደሞ ስራ አለው፣ ጉልበቱን ያመዋል፣ ልጅ ታለቅስበታለች። እና ቁምላቸው ሌሊት ከወፍ ቀድሞ ይነሳና ይቆምለታል። ባለጉዳዩ ረፋድ ላይ ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ ይመጣል፤ «በል ቁምላቸው፣ ቦታዬን» ይለዋል፤ ቁምላቸው ዞር ይልለታል፤ ሳንቲሙን ይቀበላል። አባቱ ስሙን ሲያወጡለት «ለወገኖቹ ይቁምላቸው» ብለው ነበር። ዘይት ሰልፍ ላይ ማለታቸው ግን አልነበረም።

በርጩማውን «ወንድሜ» ነው የሚለው። ባለ ሦስት እግር፣ አንዱ እግሩ በሽቦ የታሰረ። በከተማችን ደንብ በርጩማ ያስቀመጠ ቆሟል ነው የሚባለው፤ በርጩማ ሰልፍ ላይ ሲሆን ሰው ነው። ስለዚህ ቁምላቸው በአንድ ሰልፍ ሁለት ቦታ መያዝ ይችላል። አንዱን በራሱ፣ አንዱን በወንድሜ።

እንዲህ እየኖረ ነበር ያ አዋጅ የመጣው።

«የሚሸጥ ነገር ያለው ሁሉ ግብር ቤት ቀርቦ ይመዝገብ፤ አላወቅሁም ማለት አያድንም» ይላል አዋጁ። የተለጠፈው የግብር ቤቱ ጣሪያ ስር ነው፣ ዝናብ እንዳይነካው ተብሎ። ለማንበብ መሰላል ያስፈልጋል፤ መሰላል ማከራየት ደሞ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱን እንዴት እንደሚያወጡ የተጻፈው አዋጁ ላይ ነው። ቢሆንም ሰማን። እኛ አገር አዋጅ የሚነበበው በጆሮ ነው።

ሚስቱ ውድነሽ፣ ጥልፍ ጠላፊዋ፣ «ሂድ ተመዝገብ» አለችው። «ሰው መሆንህ በወረቀት ይታወቅ። እስከ መቼ በርጩማ ይዞ የሚዞር ሰውዬ እየተባልክ?»

ሄደ። በደስታ ነው የሄደው፣ ማንም አልጎተተውም። ግብር ቤቱ ወረቀት ለመቆጠብ ብሎ ቅጹን አሳጥሮታል። «ምን ትሸጣለህ?» ይልና ከስሩ አንድ ሳጥን አለች፣ አውራ ጣት የምታህል። ከሳጥኗ ጎን «በአንድ ቃል» ይላል።

ቁምላቸው እስክሪብቶውን ነክሶ አሰበ። «እግር» ብሎ ቢጽፍ ያስጠረጥራል። «ጊዜ» ቢል ጊዜ የሱ አይደለም፣ የእግዜር ነው። ሰው ሲመጣ ምንድነው የሚለው? «ቁምላቸው፣ ቦታ ሽጥልኝ።» በቃ። አሳምሮ ጻፈ፦ «ቦታ»።

ከታች «ከላይ ያለውን አንብቤ፣ ጀርባውንም አይቼ፣ ገብቶኝ ፈርሜያለሁ» የሚል መስመር አለ። ፈረመ። ጀርባውን ግን እንኳን እሱ፣ ከተማው በሙሉ አላየም። እኛ የምናውቀው የሰው ጀርባ ማየት ነው፣ እሱንም ለማማት።

በወሩ ገማቹ መጡ። ገማች የሚባለው ሹም ነው፣ ሽታ አይደለም። ያንተን ሽያጭ አይቶ የሚገምት። ስማቸው አቶ አይተንፍሱ ነው፤ ስራቸው ግን መተንፈስ ነው። ዓይን ያዳላል ብለው ስለሚያምኑ ዓይናቸውን ጨፍነው በአፍንጫቸው ነው የሚገምቱት። ቁምላቸውን ያገኙት ዘይት ሰልፍ ላይ ቆሞ ነው። ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ አየሩን ሳብ አደረጉ፣ መዝገባቸውን ዘረጉ።

«ምን ትሸጣለህ?»

«ቦታ ጌታዬ።»

«በቀን ስንት?»

«እንደ ገበያው ነው። ሲቀዘቅዝ ሦስት፣ ሲሞቅ ሰባት።»

«አምስት» ብለው ጻፉ። «ስፋቱስ?»

«ምን ስፋት አለው ብለው ነው፣ ሁለት እግር ካስቆመ ይበቃል።»

«ቁራሽ። የት አካባቢ?»

«የተፈለገበት። መስኮት አጠገብ ሲሆን ነው የሚወደደው።»

«ከማን ነው የምትገዛው?»

«አልገዛም። በጠዋት እነሳና ቀድሜ እይዛለሁ።»

የገማቹ አፍንጫ ተነፋ። «ዝም ብለህ ትይዛለህ?»

«ማን ይከለክለኛል? ቀድሞ የደረሰ ነዋ የሚይዘው።»

«ካርታ አለህ?»

«አለኝ ጌታዬ! ቀኑ አልመሽ ሲል ያለ ካርታ መች ይገፋል?» ከኪሱ አውጥቶ በውዝ በውዝ አደረገው። «ያንሷቸው እስቲ፣ አንድ እጅ እንጫወት።»

አይተንፍሱ አልሳቁም። «ካርታው ተበውዟል» ብለው ጻፉ። «ግንባታስ? ቦታው ላይ የምታቆመው ነገር አለ?»

«አለ እንጂ፣ ወንድሜን አቆማለሁ።» ወዲያው አስረዳ፤ «ባለ ሦስት ነው።»

«ባለ ሦስት...» አሉ ገማቹ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ውስጥ አክብሮት ገባ። «በፈቃድ ነው?»

«ኧረ የምን ፈቃድ ጌታዬ። ሲመሽ ተሸክሜው ቤቴ እገባለሁ።»

ገማቹ መዝገባቸውን ከደኑ፣ ዓይናቸውን ገለጡ፣ አመስግነው ሄዱ። ቁምላቸው ማታ ለውድነሽ «እንዴት ያሉ ጨዋ ሰው መሰሉሽ! የተናገርኩትን ሁሉ ጻፉልኝ፣ አንድ ነገር እንኳ አልተከራከሩኝም» አላት።

ውድነሽ መርፌዋን አቁማ አየችው። «ያልተከራከረህን ሰው ፍራ» አለችው።

በሳምንቱ ከግብር ቤት የደረሰኝ ጥራዝ ተሰጠው፣ ሃምሳ ቅጠል፣ ከነካርቦኑ። ያለ ደረሰኝ እንዳትሸጥ ተባለ። ቁምላቸው ሊቆርጥ ዝግጁ ነበር፤ ገዢው ነው እምቢ ያለው። «ደረሰኝ ምን ያደርግልኛል? ቦታው ደርሶኛል አይደል እንዴ!» ይሉታል። አንዱማ «ደረሰኙን ተውና ሳንቲም ቀንስልኝ» አለው። ቁምላቸውም ቀነሰለት። ካርቦኑን ደሞ ውድነሽ ለጥልፍ ንድፍ መገልበጫ ወሰደችው፤ የሚስት ነገር፣ ምን ይላታል።

ደረሰኝ የጠየቀችው በዓመቱ አንድ ሰው ብቻ ናት። እማማ ባንቻምላክ።

እማማ ባንቻምላክን ሰልፍ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃታል። ፀሐይ ሲከር ወይ ሲዘንብ ከሰልፉ ጫፍ እስከ ጫፍ እየዞረች ጥላ ታከራያለች። አስራ አንድ ጥላ ናት ያላት፤ ሰባቱ ደህና፣ አራቱ ሲዘረጉ የሚያቃስቱ። በነሱ ነው የምትበላው፣ በነሱ ነው ሁለት የልጅ ልጅ የምታሳድገው። እሷም ስትመዘገብ ሳጥኗ ውስጥ «ጥላ» ብላ ጻፈች። ጸሐፊው ወደ መዝገብ ሲገለብጠው «ጠላ» አደረገው። አንዲት ቅንጣት ጭረት ናት ልዩነቷ! በዛች ጭረት እማማ ባንቻምላክ ጠላ ቤት ሆነች። አስራ አንዱ ጥላ አስራ አንድ ጋን ተባለ። ከአስር ጋን አንዱን ጠላ በዓይነት ለግብር ቤት እንድታስገባ ደብዳቤ መጣባት። ጠላ ጠምቃ የማታውቅ፣ ሽታው እንኳን የሚያስነጥሳት ሴት! ካላስገባች «ጋኖቿ» ይወረሳሉ።

እና መጣች ወደ ቁምላቸው። «ልጄ» አለችው፣ «የአቤቱታ ጊዜዬ ለሚያበቃባት ለመጨረሻዋ ዓርብ የአቤቱታ መስኮት ፊት ቦታ ትሸጥልኛለህ። እግሬ ቀኑን ሙሉ አያስቆመኝም። ደረሰኝም ትቆርጥልኛለህ።»

«እማማ፣ እኛ እኮ እንተዋወቃለን። ቃሌ አይበቃሽም?»

«ቃል እኮ ነው እዚህ የከተተኝ!» አለች። «አንድ ቃል ብቻዋን አታድርጋት። ዘርዝረህ ጻፍ።»

ቁምላቸው ምላሱን አውጥቶ እንደ ተማሪ ጻፈ። «ደረሰኝ ቁጥር አንድ። በአቤቱታ ሰልፍ ላይ ለአንድ ሰው መቆሚያ የሚሆን ቦታ፣ አንድ። የመጨረሻዋ ዓርብ። ከአስር ሰዓት ከሠላሳ ስድስት ጀምሮ መስኮቱ ፊት።» ቀደደና ሰጣት። ካርቦን ስለሌለው ጥራዙ ላይ የቀረው የተቀደደ ጠርዝ ብቻ ነው። እማማ አጣጥፋ ከመቀነቷ ቋጠረችው።

ከዛ በፊት ነው እንግዲህ የቁምላቸውም ደብዳቤ የመጣው። አልከፈተውም። ቂል ሆኖ አይደለም፣ ልማዳችን ነው፤ ያልተከፈተ ደብዳቤ አልደረሰም ነው የምንለው። አጎቱ እንደዛ ብለው ዘጠኝ ዓመት ኖረዋል። ያመጣው መልእክተኛ ግን «እዚህ ጋ ፈርምልኝ» ብሎት ነበር፤ ፈረመ። የፈረመበት ወረቀት ላይ «ደረሰኝ» ይላል። ደብዳቤውን አራት አጥፎ፣ የሚንገዳገደው የጠረጴዛቸው እግር ስር ሸጎጠው። ጠረጴዛው ቀጥ አለ። ግብር ቤት ለቁምላቸው ቤት የሰራው የመጀመሪያ ውለታ ይሄ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት ውድነሽ ልትወለውል ጠረጴዛውን ስታነሳ አገኘችው። ከፍታ አነበበች። መወልወያውን ጣለች።

«ቁምላቸው፣ አንተ መሬት ትሸጣለህ እንዴ?»

«ምን?»

«ስማ። ‹ለመሬት ነጋዴ ለአቶ ቁምላቸው። በዓመት ውስጥ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ቦታ መሸጥዎ ስለተገመተ፣ ከአስር አንዱን ማለትም አንድ መቶ ሰማንያ ቦታ ለከተማው እንዲያስረክቡ። ቅሬታ ካለዎት ደረሰኝ ብለው ከፈረሙበት ቀን ጀምሮ በሠላሳ ቀን ውስጥ በአቤቱታ መስኮት ይቅረቡ፤ ካለፈ ግምቱ ይፀናል።›»

ቁምላቸው ሳቀ። «መሬት! እኔ? ለአበባ መትከያ የሚሆን አፈር የሌለኝን ሰውዬ! ቦታ ማለት እኮ ሰልፍ ላይ ያለው ቦታ ነው።»

«እሱንማ እኔና አንተ እናውቃለን። አላለቀም፣ ስማ፤ ‹ካላስረከቡ እርስዎም ሆኑ የእርስዎ የሆነ ማንኛውም ነገር በከተማው በየትኛውም ቦታ ላይ እንዳይቆም ይታገዳል።›»

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። «እንዳልቆም? ታዲያ ምን ልሁን?»

«ቁጭ ማለት አልተከለከለም» አለች ውድነሽ ደብዳቤውን ደግማ እያየች። ከዛ ቀና ብላ ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ ምሰሶውን አየች። «ቤቱስ?»

«ቤቱ ምን ሆነ?»

«ቆሟላ!»

ውድነሽ በጣቷ ቀን ቆጠረች። ሠላሳኛው ቀን ነገ ነው። ዓርብ። የመጨረሻዋ ዓርብ፣ እማማ ባንቻምላክ ቦታ የገዛችበት።

ቁምላቸው ግን ባለሙያ ነው፤ ደንግጦም ያሰላል። የአቤቱታ መስኮት የሚከፈተው ዓርብ ዓርብ ከአስር እስከ አስራ አንድ ሰዓት ነው። አንድ ሰው አስራ ሁለት ደቂቃ። በቀን አምስት ሰው፣ ስድስተኛ የለም። «እኔ የእማማን ቦታ እይዛለሁ» አለ፣ «ወንድሜ ደሞ የእኔን ይይዝልኛል። ምን ችግር አለው?»

ችግሩ ገና አልመጣም ነበር።

ጠዋት እንደዛ በሮ ሲደርስ ሦስት ሰው ቀድሞታል፤ ዓርብ ዓርብ ሁሌም ሦስት ሰው እዛው ስለሚያድር ለእማማ የሸጠላት አራተኛውን ነው። አራተኛው ላይ ራሱ ቆመ፣ ለእማማ። አምስተኛው ላይ ወንድሜን አስቀመጠ፣ ለራሱ። ስድስተኛ የደረስኩት እኔ ነኝ። እኔም ኪሴ ውስጥ ደብዳቤ ነበር፣ የኔም ሠላሳኛ ቀን ነው፤ እሱ ሌላ ታሪክ ነው። ቀኑን ሙሉ ከቁምላቸው ጋር ካርታ ስንጫወት ዋልን። አራቴ በላኝ። ያን ሁሉ ነገር የነገረኝም ያኔ ነው፣ እየሳቀ፣ ልክ የሌላ ሰው ጉድ እንደሚያወራ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አቶ አይተንፍሱ ብቅ አሉ። ሁለት አፍራሾች አስከትለዋል፣ መዶሻ የያዙ። ዓይናቸውን ጨፍነው በሰልፉ ጎን እያሸተቱ መጡና ወንድሜ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«የማን ግንባታ ነው?»

«ኧረ ጌታዬ በርጩማ ነው!» አለ ቁምላቸው። «እዩት እስቲ፣ ዓይንዎን ይግለጡ!»

«ዓይን ያዳላል» አሉ ገማቹ መዝገባቸውን እያገላበጡ። «ባለ ሦስት። ያለ ፈቃድ። በራስህ አፍ ነው የነገርከኝ። አፍርሱት።»

አፈረሱት። አንድ እግር፣ ሁለት እግር፣ በሽቦ የታሰረው እግር። ስራቸውን በስርዓቱ ነው የሰሩት፤ መጀመሪያ ነዋሪ እንደሌለበት አረጋገጡ፣ ከዛ ፍርስራሹን ሰብስበው «ፈርሷል» የሚል ወረቀት አስፈረሙት። ቁምላቸው አምስተኛው ቦታ ላይ የቀረችውን ባዶ መሬት እያየ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሰልፍ ደሞ ክፍተት አይወድም። ከኋላ ገፉኝ። እውነቱን ለመናገር ባይገፉኝም ጠጋ ማለቴ አይቀርም ነበር። ጠጋ አልኩ። አምስተኛ ሆንኩ።

መስኮቱ ተከፈተ። አንደኛው ቀረበ፣ ሁለተኛው ቀረበ፣ ሦስተኛው ቀረበ። ልክ አስር ከሠላሳ ስድስት ሲል ቁምላቸው መስኮቱ ፊት ቆመ። ግራ አየ፣ ቀኝ አየ። እማማ ባንቻምላክ የለችም።

«ቀጣይ!» አለች ወይዘሮ ሥርጉት። የመስኮቷ ሹም ናት፤ ክፉ ሴት አይደለችም፣ ሰዓቷን ብቻ ነው የምታውቀው።

አንድ ደቂቃ ጠበቀ። ሁለት ደቂቃ። «ቀጣይ እያልኩ ነው፣ ወንድሜ!» አለች ሥርጉት። ወንድሜ ስትል ዞሮ በርጩማው የነበረበትን አየ። ደብዳቤውን አውጥቶ አስገባላት።

«እመቤቴ፣ እኔ መሬት ሽጬ አላውቅም። ቦታ ነው የምሸጠው።»

«ቦታ ታዲያ ምንድነው?»

«የሰልፍ ቦታ! መቆሚያ! ይሄ አሁን የቆምኩባት!»

ሥርጉት ቅጹን ከፋይሉ አወጣች። ሳጥኗን አየች። ከዛ ቀስ ብላ ገለበጠችው። ጀርባው ላይ ሃያ መስመር ነበር፣ ባዶ፣ ንፁህ። ከላዩ «አንዱ ቃል ካልበቃዎት እዚህ ያብራሩ» ይላል።

ቁምላቸው ሃያውን መስመር አየ። አንድ ሙሉ ቀን ሊሰለፍበት የሚችል መስመር ነበር። «ይሄ... ድሮም ነበረ?»

«ሲታተም ጀምሮ» አለች። «አሁንም አልረፈደም። ማስረጃ ካለህ ግምቱን አነሳልሃለሁ። የሸጥከው የሰልፍ ቦታ መሆኑን የሚገልጽ አንድ ደረሰኝ አምጣ፣ አንድ ብቻ።»

«አንድ ቆርጫለሁ!» ብሎ ጮኸ። «ዘርዝሬ ጽፌበታለሁ!»

«ቅጂው?»

ጥራዙን ከደረት ኪሱ አወጣ። የተቀደደ ጠርዝ። የውድነሽ ጥልፍ ትዝ አለው፤ በዛ ካርቦን የተገለበጠችው ጣዎስ ትራስ ላይ ተቀምጣ ታየችው።

«ዋናው የት አለ?» አለች ሥርጉት።

ያኔ ነው ከኋላው በጥላ ጫፍ ትከሻውን ጠቅ ያደረጉት።

«ዋናው እኔ ጋ ነው» አለች እማማ ባንቻምላክ፣ እያለከለከች። በአንድ እጇ የሚያቃስተውን ጥላ ተመርኩዛለች፣ በሌላው መቀነቷን ትፈታለች። «ይኸው። ቁጥር አንድ። አስር ከሠላሳ ስድስት ይላል፣ ትንሽ ዘገየሁ፣ ጉልበቴ ነው። እግዜር ይስጥህ ልጄ፣ ቆየህልኝ። በል አሁን ዞር በልልኝ።»

«እማማ፣ እማማዬ፣ ያቺን ወረቀት ለአንድ አፍታ...»

«ለምን?»

ነገራት። በጥድፊያ፣ እየተንተባተበ፤ መሬቱን፣ ወንድሜን፣ ቤቱን። እማማ ሰማችው። ዓይኗ ረጠበ። ወረቀቷን ግን በሁለት እጇ ያዘቻት።

«ልጄ፣ ክፉ ሆኜ አይደለም። ዛሬ ካለፈ ጥላዎቼን ጋን ናቸው ብለው ይወስዱብኛል። ልጆቹን ምን ላብላቸው? ቦታዬ ሳይደርሰኝ ደረሰኝ አልሰጥም። ከሰጠሁህ በምን ልጠይቅህ ነው?»

ቁምላቸው ወደ መስኮቱ ዞረ። «እመቤቴ፣ ሁለታችንንም አብረሽ አትሰሚንም?»

«አንድ መስኮት፣ አንድ አፍ፣ አንድ ፋይል» አለች ሥርጉት። ሰዓቷን አየች። «እሳቸው ከቀረቡ ያንተ ፋይል ይዘጋል፣ ሰልፉ መጨረሻ ትሄዳለህ። አንተ ከቀጠልክ ማስረጃውን አምጣ። ደሞ ልንገርህ፣ ደረሰኝ ቆርጦ ቦታውን ያላስረከበ ነጋዴ ፈቃዱን ይነጠቃል። ስድስት ደቂቃ አለህ።»

ሰልፉ መጨረሻ ማለት ሠላሳው ቀን አልፎ ሰኞ ጠዋት እሱም ቤቱም አይቆሙም ማለት ነው። መቀጠል ማለት ደሞ በአስራ ሰባት ዓመት ቆርጦ የማያውቀውን፣ የመጀመሪያዋንና ብቸኛዋን ደረሰኝ መካድ ነው፤ ያውም ደረሰኟ ያለችው በሚከዳት ሴትዮ እጅ ነው። የምታድነው ወረቀት እሷ ጋ፣ የምታድናት ቦታ እሱ እግር ስር።

ዞረና እኔን አየኝ። አምስተኛውን። የመጨረሻውን። እግሬ ስር ያለችውን ቦታ አየ። እኔ ደሞ ሰማዩን አየሁ፤ ደመና ነበረው፣ ሊዘንብ ይመስላል።

«አምስት ደቂቃ» አለች ሥርጉት።

ቁምላቸው አንድ እግሩን አነሳ። አየር ላይ ያዘው። ወደ ጎን ሊያወርደው ነው፣ ወደ ነበረበት ሊመልሰው ነው፣ አላወቅንም። እማማ ባንቻምላክ ደረሰኟን ደረቷ ላይ ለጥፋ እግሩን ታያለች፣ ሥርጉት ሰዓቷን ታያለች፣ ሰልፉ በሙሉ አንገቱን አስግጓል።

እግሩ እዛው አየር ላይ እንዳለ ለአፍታ ልተወውና እናንተን ልጠይቅ። ሳንቲም አልቀበልም፣ ደረሰኝም አልቆርጥም። በሱ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?